አራት ሊትር እስከ ወንዛዬ

ባለፈው ጥር ለለቅሶ ወረታ ሄጄ ነበር። ከአውቶቡስ እንደወረድኩ አንድ የባጃጅ ሹፌር በውሃ ላስቲክ የያዘውን ቤንዚን ታንኩ ውስጥ ሲገለብጥ ጥቂት አፈሰሰ። ፀሐይ ያጋለው መሬት ወዲያው ጠጣው፤ ሽታው ግን ቀረ። ሻንጣዬን አስቀምጬ ቆምኩ። ሹፌሩ ባጃጅ የፈለግኩ መስሎት «የት ላድርስሽ፣ እናቴ?» አለኝ። ልመልስለት አፌን ስከፍት የምሄድበት ሰፈር ስም ጠፋኝ። የመጣልኝ የአባባ ዋሴ ግቢ ነው። አራተኛ ክፍል ሳለሁ፣ በዚያ ግቢ ባሳለፍኩት በጋ፣ ቀሚሴም ጸጉሬም የምተኛበት ቁርበትም ቤንዚን ቤንዚን ይሸት ነበር።

ወረታ የመጣሁት ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ነው። እኔና እናቴ የምንኖረው ደብረ ታቦር ነበር። አባቴ የሠራዊት ሹፌር ሆኖ ወደ ሰሜን ከሄደ ሁለት ዓመት አልፎታል፤ አልፎ አልፎ ደብዳቤ ይመጣል። በዚያ ዓመት እናቴን ወገቧን ያዛት። መጀመሪያ እንስራ ማንሳት አቃታት፤ ቀጥሎ ጎንበስ ብሎ መጥረግ፤ ኋላ ደግሞ ከአልጋ ለመነሣት እኔን መደገፍ ጀመረች። የሰፈር ሴቶች «ወንዛዬ ፍል ውሃ ግቢ፤ ስንቱን በቃሬዛ የሄደ በእግሩ የመለሰ ነው» አሏት። አንድ ማለዳ በጭነት መኪና ጋቢና ወረታ ወረድን። እሷ ወደ ወንዛዬ ከሚሄዱ በሽተኞች ጋር ቀጠለች፤ እኔን ለአባቴ አጎት ለአባባ ዋሴ ሰጠችኝ።

«እስከ ፋሲካ ነው» አለችኝ። ጎንበስ ብላ ልትስመኝ አልቻለችም። በእግር ጣቶቼ ቆሜ የሳምኳት እኔ ነኝ።

አባባ ዋሴ ሰባ ዓመት ሊሞላቸው ምንም አልቀራቸውም። መካኒክነት የተማሩት በጣልያን ጊዜ ነው። ኋላ የእህል መኪና ሲነዱ ከድልድይ ወድቀው ዳሌያቸው ተሰብሮ ነበርና ቀኝ እግራቸውን እየጎተቱ ነው የሚሄዱ። ከቤታቸው እስከ ገበያው፣ እኔ በሩጫ ትንፋሽ ሳያጥረኝ የምደርስበትን መንገድ፣ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያርፋሉ። ሚስታቸው ከሞቱ ቆይተዋል፤ ልጅ አልወለዱም። ምግብ የሚያመጡልን ጎረቤታችን እትዬ ጥሩዬ ነበሩ።

ቤቱ ውስጥ ሁለት ነበርን፤ ወሬው ግን የአንድ ሰውም አይሞላ። «ብይ» ይሉኛል፣ «ተኝ» ይሉኛል፣ አልቋል። እኔ ደግሞ ዝምታቸው ቁጣ ይመስለኝ ነበር። ያለ ፈቃዳቸው ስለተጣልኩባቸው ነው የተቆጡ ብዬ። ስለዚህ ድምፅ እንዳላሰማ እጠነቀቃለሁ፤ ጽዋ ሳስቀምጥ እንኳ መጀመሪያ ጣቴን ከሥሩ አደርጋለሁ።

ትምህርት ቤትም አልተሻለ። ዓመቱ ከተጋመሰ የመጣሁ ነኝና ሁሉም ጓደኛውን ይዟል። ሜዳው ሞቃት፣ ትንኙ ብዙ፤ እኔ እጄን ሳክክ ልጆቹ «የደጋ ልጅ!» እያሉ ይስቃሉ። እናቴ ፍል ውሃ መሄዷ ሲሰማ ደግሞ አጠገቤ የምትቀመጠው ልጅ «እናትሽን ጓያ ሰብሯት ነው» አለችኝ። ጓያ አዘውትሮ የበላ ሰው እንደሚሽመደመድ እኔም ሰምቻለሁ። እሷ ግን በማሳው መካከል ማለፍም ይበቃል አለች፤ ትነቱ በጉልበት መገጣጠሚያ ይገባል። ከዚያ ቀን ወዲህ ወደ ትምህርት ቤት የሚወስደውን አቋራጭ ትቼ፣ ጓያው በደረሰበት ሜዳ ዙሪያ፣ በዋናው የጠጠር መንገድ መሄድ ጀመርኩ። ብቻዬን። ከኋላዬ ትላልቆቹ የፎገራ ላሞች ብቻ ይመጣሉ። ቤት ስደርስ የአባባ ዋሴን ዶሮዎች አሰልፌ እንደ መምህር ስም እጠራ ነበር፤ «አቤት» የሚሉትም እኔው ነኝ።

ግቢው ውስጥ፣ ከዋንዛው ሥር፣ በሣር ክዳን ተከልላ አንዲት መኪና ትቆማለች። ቶፖሊኖ ናት፤ አመድማ፣ ሁለት ሰው የምትይዝ፣ ጣራዋ ሸራ። ቶፖሊኖ ማለት በጣልያንኛ አይጥ ነው ብለው አባባ ዋሴ አንድ ጊዜ ለሰፈሩ ሰው ስለተናገሩ «አይጢት» የሚለው ስም ጸናባት። ከእኔ ይልቅ ከእሷ ጋር ነበር የሚያወሩ። «ምነው ዛሬ አሳለሽ?» ይሏታል ሞተሯ ሲንገራገጭ። እቀናባት ነበር።

ቤንዚን ያን ጊዜ በኩፖን ነው። የሥራ ላልሆነች ለእንዲያ ያለች መኪና በወር አራት ሊትር ነበር የተፈቀደው። በወሩ ያልተወሰደ ኩፖን ከወሩ ጋር ይሞታል። ቀድቶ ቤት ማከማቸት ደግሞ አሻጥር ነው፤ በቀበሌው ስብሰባ ተነግሯል፣ አሻጥር የተባለ ነገር የሚያመጣውን ሁሉም ያውቃል። ስለዚህ አይጢት በወር አንድ ጊዜ ተነሥታ ከተማውን ዞራ ትመለስና ትተኛለች።

አንድ ቅዳሜ ለገበያ የመጣ ሰው ከእናቴ ደብዳቤ አመጣ። እናቴ መጻፍ አትችልም፤ ዲያቆን ነው የጻፈላት። «ለጤናሽ እንደምን አለሽ፤ እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ፤ ካንቺ ናፍቆት በቀር ምንም አልሆንኩም» ይላል። አባባ ዋሴ ሁለቴ አነበቡልኝ። እኔ በደስታ ዘለልኩ። እሳቸው ወረቀቱን ገልብጠው ጀርባውን ተመለከቱ፤ እዚያ ሌላ የተጻፈ ያለ ይመስል።

«ፋሲካን ከናትሽ ጋር እናደርጋለን» አሉኝ።

«በምን?»

«ባይጢት።»

«በአውቶቡስ አንሄድም?»

«አውቶቡሱ ሐሙሲት ይጥለናል። ከዚያ ወዲያ ያለው በእግር ነው። እኔ እግር አለኝ? አንችን ደግሞ ለመንገደኛ አላምንሽም።» ከዚያ ወደ መኪናዋ ዞሩ። «ደርሶ መልስ ሰባት ሊትር ትጠጣለች። ያለን አራት ነው። ጾም ማስለመድ ነው እንግዲህ።»

ዐቢይ ጾም ሊገባ ሦስት ቀን ነበር የቀረው። መኪናም ይጾማል ማለት ነው ብዬ አመንኩ።

በማግሥቱ ሥራ ጀመሩ። ከቅቤ ነጋዴ ጎረቤታቸው ተንጠልጣይ ሚዛን ተውሰው ከዋንዛው ቅርንጫፍ ላይ ሰቀሉት። በሮቹን ፈቱና መዘኑ። የፊትና የኋላ የግጭት መከላከያዎቹን፣ ተጠባባቂውን ጎማ፣ በኔ በኩል ያለውን ወንበር፣ የጣራውን ሸራ፣ የፊት መብራቶቹን ሳይቀር። «በቀን ነው የምንሄደው፤ መብራት ምን ያደርጋል?» እያንዳንዱን በመዘኑ ቁጥር ስሙንና ክብደቱን በከሰል ግድግዳው ላይ ይጽፋሉ፤ ዕቃውን ወደ ዶሮ ቤቱ ጓሮ ይወስዱታል።

እትዬ ጥሩዬ ሽሮ ይዘው ሲመጡ አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። «ምነው ጋሽ ዋሴ፣ መኪናዋን እንደ በግ ገፈፏት?»

«ቤንዚን የሚጠጣው ሞተሩ ብቻ አይደለም፣ ጥሩዬ። ክብደቱም ይጠጣል፤ ነፋሱም ይጠጣል። ሞተሩ የነሱ አሽከር ነው።»

ካርቡራተሯን በታትነው ቤንዚን የሚያልፍባትን ትንሽ የናስ ቀዳዳ በቀለጠ እርሳስ ደፈኗትና በመርፌ ጫፍ እንደገና በሷት። ሦስት ቀን ፈጀባቸው፤ ቀዳዳዋን ወደ ፀሐይ እያነሡ በአንድ ዓይናቸው ያያሉ፣ ይነፏታል፣ እንደገና ይደፍናሉ። ጎማዎቹን እንደ ድንጋይ እስኪጠነክሩ ነፏቸው። ሞተሩ እንዳይበርደው በጆንያ ሸፈኑት፤ «ብርድ ያለበት ሆዳም ይሆናል» ብለው። ከመኪናዋ ሆድ ሥር ደግሞ የላም ቆዳ ወጥረው ሰፉ፤ ነፋሱ ሳይጨናነቅ እንዲያልፍ።

ከተማውን ሁሉ ያሳቀው ግን ጅራቷ ነው። ከሐይቁ ዳር አንድ ታንኳ ሠሪ አስመጥተው ከደንገል ረዥም፣ ጫፉ የሾለ ጅራት አሠሩላት። ታንኳ ሠሪው ራሱ እየሳቀ ነበር የሚያስረው። ልጆች ከአጥሩ ውጭ ተሰብስበው «አይጢት ልትዋኝ ነው!» ይላሉ። ከመካከላቸው የክፍሌን ልጆች አየሁና ከዋንዛው ኋላ ተደበቅኩ። አባባ ዋሴ ግን አልተናደዱም። «ነፋስ ከፊት ብቻ አይደለም የሚይዝ» አሉ ለታንኳ ሠሪው። «ከኋላም ይጎትታል። አንተ ታንኳህን ጫፏን ለምን ታሾላለህ?» ሰውየው መሳቁን አቁሞ ትንሽ አሰበና ጅራቱን እንደገና ፈትቶ በደንብ አሰረው።

አንድ ከሰዓት ከትምህርት ቤት ስመለስ ጠሩኝ። ጆንያ ዘርግተው «ግቢ» አሉኝ። ገባሁ። በሁለት ገመድ ከሚዛኑ ላይ አንጠለጠሉኝ። ጉልበቶቼ አገጬን ነክተው፣ በቀስታ እየዞርኩ፣ መጀመሪያ ግድግዳውን አያለሁ፣ ከዚያ መኪናዋን፣ ከዚያ እሳቸውን።

«ሃያ አራት» አሉ። አወረዱኝና ጻፉት። ከበሮቹ፣ ከወንበሩ፣ ከጎማው በታች «ትሁኔ 24» የሚል ተጨመረ።

ከስሜ በላይ ያለው ሁሉ የተጣለ ነው። ከበሮቹም፣ ከጎማውም፣ ከወንበሩም እኔ እበልጥ ነበር። ከሁሉ ከባዷ እኔ ነበርኩ።

ለማንም አልተናገርኩም። የምነግረውም ሰው አልነበረ። መብላት ተውኩ እንጂ። ጾሙ ረዳኝ፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት እጾማለሁ ስላቸው እትዬ ጥሩዬ «የናትሽ ስለት ነው? እግዜር ይስማሽ» ብለው ግንባሬን ሳሙኝ። ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ ደግሞ እንጀራዬን ይዤ ጓሮ እሄድና ለዶሮዎቹ እቆራርሳለሁ። ሌሊት በሬ አክዬ የከበድኩ እየመሰለኝ እቃዥ ነበር። ማለዳ ተነሥቼ የእጄን አንጓ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ እለካለሁ። ጣቶቼ ተገናኝተው ማለፍ ሲጀምሩ ደስ አለኝ።

ሙከራው ከከተማው ወጣ ብሎ ወደ ርብ በሚወስደው ቀጥ ያለ መንገድ ላይ ነበር። አባባ ዋሴ የቤንዚኑን ቱቦ ከታንኩ ነቅለው ከግማሽ ሊትር ጠርሙስ ጋር ያገናኙታል። ጠርሙሱን ከፍ አድርጌ የምይዘው እኔ ነኝ፤ ወንበሬ ስለተነቀለ የታጠፈ ጆንያ ላይ ተቀምጬ። ሞተሩን አስነሥተው ጥቂት ያፈጥኗትና ማርሹን አውጥተው ቁልፉን ያጠፋሉ። ያኔ አይጢት ያለ ድምፅ ትንሸራተታለች። በር የላትም፣ ጣራ የላትም። የጠጠሩን መንኮሻኮሽ፣ የወፎቹን ጩኸት፣ ሩቅ ያለ እረኛ ላሞቹን ሲጠራ እሰማለሁ። ልትቆም ስትል ያስነሧታል፤ እንደገና ያጠፋሉ። ጠርሙሱ ሲያልቅ ያለፍናቸውን የኪሎ ሜትር ድንጋዮች እንቆጥራለን። መጀመሪያ ሰባት ነበር። ቀዳዳዋ ከጠበበች በኋላ ዘጠኝ። ጅራቷ ከተሠራላት በኋላ አሥራ አንድ።

«አሥራ ሁለት ካመጣች እንሄዳለን» አሉ። «የወንዛዬ መንገድ ክፉ ነው።»

በእነዚያ ጉዞዎች፣ ሞተሩ ጠፍቶ ስንንሸራተት፣ ዝምታቸው አያስፈራኝም ነበር። ያን ሁሉ በጋ ከሰው አጠገብ ያለሁ የመሰለኝ ያኔ ብቻ ነው።

መጋቢት መጨረሻ ላይ፣ ከመመለሻው ሌላ የወሩ የመጨረሻ ግማሽ ሊትር ስትቀረን፣ አሥረኛውን ድንጋይ አልፈን ጠርሙሱ ውስጥ ገና ሩብ ያህል ነበረ። አባባ ዋሴ «ትሁኔ፣ እይልኝ፣ ምን ያህል አለ?» አሉ። ላይ ቀና አልኩ። ጠርሙሱ በፀሐዩ ውስጥ ሁለት ሆነ። ከዚያ ስነቃ መሬት ላይ፣ በመኪናዋ ጥላ ውስጥ፣ ራሴን በጉልበታቸው ላይ አገኘሁት። ጠርሙሱ ተሰብሯል። ቤንዚኑ በቀሚሴ ላይ ፈስሶ ቆዳዬን ያቃጥለኛል።

«ቤንዚኑ» አልኩ።

«ቤንዚኑ ገደል ይግባ!» አሉ። እንዲያ ጮኸው ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። የእጄን አንጓ ይዘው ያዩታል። «ምንድን ነው ይኸ? ምን በልተሽ ነው የወጣሽው?»

«ምንም።»

«ትላንትስ?»

ያን ጊዜ ሁሉንም አወጣሁት። ዶሮዎቹን፣ ግድግዳውን፣ ከበሮቹ በታች የተጻፈውን ስሜን። «አሁን ሃያም አልሞላ ይሆናል፤ ይመዝኑኝ» አልኳቸው። «እንዳይጥሉኝ ብዬ ነው።»

አባባ ዋሴ ጨርቅ አውጥተው ቀሚሴን ጠረጉልኝ፤ ቤንዚኑን የሚጠርጉ መስለው ፊታቸውን ያዞሩ ነበር። ወደ ቤት ስንመለስ ቀጥ ብለው ወደ ግድግዳው ወሰዱኝ።

«ይኸ መስመር አይታይሽም?»

በጎማውና በእኔ ስም መካከል አንድ የከሰል መስመር አለ። የጭቃው ስንጥቅ ይመስለኝ ነበር።

«ከመስመሩ በላይ ያለው የወጣው ነው። ከመስመሩ በታች ያለው የሚገባው። አንችን ነው መጀመሪያ የጻፍኩ።» ከስሜ ሥር ትንሽ ዝቅ ብሎ በደበዘዘ ከሰል «ዋሴ 57» ይል ነበር። «እኔስ በሮቿን የፈታሁት ለማን ብዬ ነው?»

ከዚያ በኋላ ምግብ አብረን መብላት ጀመርን። ከወሬው ያው ብዙ የለም፤ ግን ጉርሻ ያጎርሱኛል፣ ስውጥ ያዩኛል። አሥራ ሁለተኛውን ድንጋይ ሳናይ ሚያዝያ ገባ። አራቱን ሊትር ቀድተው «እንሄዳለን፤ የቀረውን እመቤቴ ትሙላው» አሉ።

የሄድነው በሆሳዕና ማግሥት፣ ነፋስ ከሐይቁ ሳይነሣ፣ ገና ሲነጋጋ ነው። ከከተማው መውጫ ኬላው ላይ ሞተሩ ጠፍቶ እየተንሸራተትን ደረስን። ጠባቂው ምንም ሳይሰማ ዘወር ሲል ፊቱ ተቀምጠናል። በመኪናዋ ዙሪያ ዞረ፤ የደንገሉን ጅራት ነካው።

«ይች መኪና ሞተር የላትም እንዴ?»

«አላት» አሉ አባባ ዋሴ። «አስተኝቻት ነው።»

ሳቀና ገመዱን ዝቅ አደረገው። ሐሙሲት ላይ ከዋናው መንገድ ታጠፍን። ከዚያ ወዲያ ዋልካው ተሰነጣጥቆ፣ የጋሪ ዱካ ደርቆ፣ አይጢት እንደ ጠይብ ወናፍ እየተነፈሰች ነበር። አባባ ዋሴ ድንጋይ በድንጋይ እየመረጡ ይነዳሉ። በየጉብታው አናት ላይ ቁልፉን ያጠፋሉ፤ ቁልቁለቱን በነጻ እንወርዳለን። ፀሐይ ሳትከርር ወንዛዬ ደረስን። ታንኩ ውስጥ እንጨት ሰድደው አዩና ፈገግ አሉ። ከግማሽ በላይ ቀርቷል።

እናቴን አንድ ጎጆ ውስጥ ተኝታ አገኘናት። እሮጣለሁ ብዬ ሳስብ የከረምኩት በሩ ላይ ቆምኩ። ፊቷ ጠቁሯል፣ ጉንጯ ገብቷል፤ እግሮቿ ከነጠላው ሥር አይንቀሳቀሱም። እጇን ዘረጋችልኝ። «መጣሽልኝ?» አለች። «አድገሻል። ከስተሽ ነው እንጂ አድገሻል።»

የሚያስታምሟት አንዲት መነኩሲት ናቸው፤ እማሆይ ነበር የምንላቸው። አባባ ዋሴን ወደ ውጭ ጠርተው ሲነግሯቸው በግድግዳው በኩል ሰማሁ። እግሯ መንቀሳቀስ ካቆመ ወር ሆነው። ጀርባዋ ላይ እብጠት አለ። ውሃው አልያዘላትም፤ ሐኪም ካላየው አደጋ ነው።

«ደህና ነኝ ብላ ጽፋ የለም?» አሉ አባባ ዋሴ።

«ሁሉም እንዲያ ነው የሚያስጽፈው፣ አባቴ። ዲያቆኑ ሌላ አይጽፍም፤ የሚሞተውም ደህና ነኝ ብሎ ነው የሚሞት።»

አባባ ዋሴ መኪናዋ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጡ። እንጨቱን ታንኩ ውስጥ ደጋግመው ሰደዱት። በጣታቸው አፈሩ ላይ ይጽፋሉ፣ ያጠፋሉ። ቤንዚኑን ያሰሉት ከወንዛዬ ወረታ ለመመለስ ነበር፤ ባሕር ዳር ሆስፒታል ግን ከዚያ ይርቃል። ከብዙ ጊዜ በኋላ ቀና ብለው ሲያዩኝ ምን እንደሚሉኝ አወቅኩ። ሳይናገሩት።

«ሁለት ሰው ነው የምትይዝ፣ ትሁኔ» አሉ። «ሦስት ብናደርጋት መንገድ ላይ ትቀራለች። እናትሽን መንገድ ላይ ላቁማት?»

«አይቁሙ» አልኩ።

«እማሆይ ጋ ትቆያለሽ። እመጣለሁ።»

እናቴን አራት ሰዎች በአልጋ ጨርቅ አንሥተው ጆንያው ላይ፣ የኔ ቦታ ላይ፣ አስተኟት። አባባ ዋሴ የውሃውን እንስራ አወረዱ፣ መፍቻዎቻቸውን አወረዱ፣ ጋቢያቸውን አወረዱ። ሁሉንም አጠገቤ አስቀመጡት። ሞተሩ ተነሣ። እናቴ አንገቷን ልታዞር ሞከረች፤ አልቻለችም።

መኪናዋ ስትንቀሳቀስ ቆሜ አየኋት። ወደ ጥርጊያው ስትታጠፍ ግን እግሬ ብቻውን ተነሣ። «አባባ! አባባ!» እያልኩ ሮጥኩ። ከዚያ ምን ብዬ እንደጮህኩ ደህና አድርጌ አውቀዋለሁ። «አትተዉኝ!» ነው ያልኩ። የደንገሉ ጅራት አቧራ ውስጥ ገባ። የሞተሩ ድምፅ ኖሮ ነው እንጂ ቢሰሙኝ ይቆሙ ነበር ብዬ ራሴን አጽናናሁ።

ዘጠኝ ቀን ነው የቆየሁ። ፋሲካም በዚያ መካከል አለፈ። እማሆይ ደግ ነበሩ፤ የትንሣኤ ለት ከሰው ያገኙትን ሥጋ ለእኔ ሰጥተው ራሳቸው እንጀራውን በጨው በሉ። ግን ለሌሎችም በሽተኞች የሚሮጡ ናቸውና ቀኑን ሙሉ ብቻዬን ነኝ። ከፍል ውሃው የሚነሣው እንፋሎት እንደ ተቃጠለ ክብሪት ይሸታል። ሰዎች ይመጣሉ፣ ይነከራሉ፣ ዘመድ መጥቶ ይወስዳቸዋል። እኔ በጋቢው ተጠቅልዬ፣ መፍቻዎቹን አጠገቤ አድርጌ፣ ጥርጊያው ከሚታይበት ጉብታ ላይ እቀመጣለሁ። ጆሮዬ ሞተር ይፈልጋል። ንብ ባለፈች ቁጥር እነሣለሁ። በስድስተኛው ቀን ጉምጉም አለና ጥቂት ዝናብ ጣለ፤ ዋልካው ጠቆረ። ክረምት ከገባ መኪና አያልፍም፤ በዚህ እቀራለሁ ማለት ነው ብዬ ደመና እቆጥር ጀመር።

በዘጠነኛው ቀን ሲመሽ፣ ከጉብታው ልወርድ ስል፣ አንድ ሽማግሌ በእግሩ ሲመጣ አየሁ። ሦስት እርምጃ ይሄዳል፣ ይቆማል። ምርኩዙን በሁለት እጁ ይደገፋል። ለማኝ መሰለኝ። እግሩን የሚጎትትበትን ስለይ ነው ያወቅኳቸው።

ሮጬ አቀፍኳቸው። ጫማቸው ተቀድዶ ተረከዛቸው ደምቷል። ከሐሙሲት ጀምሮ ሙሉ ቀን ነው የተጓዙት።

«እማዬስ?»

«ተኝታለች። ሐኪሞቹ ጋ ናት። የጀርባ አጥንት ነቀርሳ ነው አሉ፣ እንደ ሳንባ ነቀርሳ ያለ፤ መድኃኒት አለው አሉ። ረዥም ነው፤ ግን አለው።»

«አይጢትስ?»

«ከሆስፒታሉ በር ገብታ ነው ቤንዚኑ ያለቀባት። ከዚያ ወዲያ ዘበኞቹ ገፉን።»

እናቴ ያን ክረምት በሙሉ እዚያ ተኛች። መስከረም ሲጠባ በሁለት ምርኩዝ ቆመች፤ ለገና ያለ ምርኩዝ። ይኸን ግን ያን ማታ ማንም አያውቅም ነበር።

በማግሥቱ ጎህ ሲቀድ አባባ ዋሴና እኔ ወደ ሐሙሲት ተነሣን፤ ከዚያ በአውቶቡስ ወደ እናቴ ልንሄድ። ጋቢውን እኔ ተሸከምኩ፣ መፍቻዎቹን ለእማሆይ አደራ ተውን። አባባ ዋሴ በየጥላው ያርፋሉ። እኔ ፊት ፊት እሄድና ቆሜ እጠብቃቸዋለሁ። አንድ ሾላ ሥር ሲቀመጡ ከእግራቸው አጠገብ ተቀመጥኩ። ብዙ ጊዜ ትንፋሻቸውን ሲሰበስቡ ቆዩ።

«ስነሣ ጠርተሽኝ ነበር» አሉ።

ደነገጥኩ። «ሰምተውኝ ነበር?»

«ሰምቼሻለሁ። ቆሞ መነሣት ብዙ ያስጠጣታል። አልቆምኩም።» መሬቱን ነው የሚያዩት። «አቧራው የቃሉን ግማሽ ነው ያደረሰልኝ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ እሱን ሳስብ ነው የከረምኩ። ምን ልትይኝ ነበር፣ ልጄ?»

ልጄ ብለውኝ አያውቁም ነበር። ፊታቸውን አየሁት። ያን ቀን ከአቧራው ውስጥ የጮህኩትን ብነግራቸው፣ ከዚያ ሾላ ሥር የሚነሡ አልመሰለኝም።

«ደህና ይግቡ ልልዎት ነበር» አልኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። እንዳላመኑኝ ገባኝ፤ እንደገባኝም ገባቸው። ከዚያ እጃቸውን ራሴ ላይ ጫኑ፤ ከብዶኝ አንገቴን ጠንከር አደረግኩት።

«አሜን» አሉ።